በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች የከፍተኛ ኃላፊዎች ደመወዝ ጣራ፦ የኔዘርላንድስ ሕግ አመጣጥ፥ አሠራርና ያስከተላቸው ጥያቄዎች

መግቢያ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነባር አነጋገር ሹመትን ከጥቅም ጋር አስተሳስሮ የሚያይ ነው። አነጋገሩ የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ሀገር ብቻ ጠባይ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ በአደራ በሚያዝበት ስፍራ ሁሉ፥ አደራ ያዡ ለድካሙ ምን ያህል ሊከፈለው ይገባል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሲነሣ መልሱ ቀላል ነው፤ የደመወዝ ደረጃውን ሕግ ወስኖታል። በግል ኩባንያዎችም ዘንድ ባለገንዘቡ በገንዘቡ ያዝበታልና ነገሩ ብዙ አያከራክርም። አስቸጋሪ የሚሆነው በሁለቱ መካከል ባሉት ተቋሞች ላይ ነው። እነዚህም በራሳቸው ቦርድ የሚተዳደሩ፥ ነገር ግን የገቢያቸው ዋና ክፍል ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚመጣ ተቋሞች ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎች ከእነዚህ መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱ ናቸው።

ይህን ጥያቄ በግልጽ ሕግ ለመመለስ ከሞከሩት አገሮች አንዷ ኔዘርላንድስ (ሆላንድ) ናት። በዚያች አገር ከ2013 ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ ለመሪዎቹ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይከፍል በሕግ ተደንግጓል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕጉን አመጣጥ፥ አሠራሩንና ያስነሣቸውን ክርክሮች በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። የሌላ አቆጣጠር ካልተመለከተ በቀር፥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. የጥያቄው መነሻ

የኔዘርላንድስን ሕግ ለመረዳት በመጀመሪያ የአገሪቱን የትምህርት አስተዳደር ልዩ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉት ዩኒቨርሲቲዎች ዐሥራ አራት ሲሆኑ፥ ከእነርሱም አንጋፋው በ1575 የተቋቋመው የላይደን ዩኒቨርሲቲ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም በመንግሥት የተመሠረቱ አይደሉም። በአምስተርዳም የሚገኘው ፍሬ ዩኒቨርሲቲ በ1880 በፕሮቴስታንቶች፥ የናይሜኸን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1923 በካቶሊኮች የተቋቋሙ ናቸው። በአገሪቱ በ1917 የተደረገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሃይማኖት ድርጅቶችና በማኅበራት የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች እኩል የመንግሥት ገንዘብ እንዲያገኙ የሚያስችል መሠረት ጥሏል። ከዚያም ወዲህ እየሰፋ በሄደው አሠራር የግል መሥራች ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚደገፉ ሆነዋል። ስለዚህ በዚያች አገር «የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ» እና «የግል ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ልዩነት ከባለቤትነት ይልቅ በገንዘቡ ምንጭ መመዘን ነበረበት። ኋላ የወጣው የደመወዝ ሕግ «ተቋሙ የማን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብሎ የጠየቀበት ምክንያት በከፊል ይኸው ነው።

ሁለተኛው መነሻ የዩኒቨርሲቲዎቹ አመራር መለወጥ ነው። በግንቦት 1969 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአስተዳደሩን ሕንፃ ይዘው በአመራሩ ውስጥ ድምፅ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። በቀጣዩ ዓመት በ1970 የወጣው ሕግም መምህራን፥ ሠራተኞችና ተማሪዎች በመረጧቸው ምክር ቤቶች አማካይነት በአስተዳደር እንዲካፈሉ ፈቀደ። ይህ አሠራር ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1997 በወጣው ሌላ ሕግ ተለወጠ። በአዲሱ ሕግ መሠረት የውሳኔ ሥልጣን በጥቂት ሰዎች በሚመራ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ እጅ ገባ። ቦርዱን የሚቆጣጠር ሌላ ተቆጣጣሪ ቦርድም ተቋቋመ። ምክር ቤቶቹ ከወሳኝነት ወደ ተመካካሪነት ዝቅ አሉ።

የሥራ አስፈጻሚው ቦርድ ብዙውን ጊዜ ሦስት አባላት ይኖሩታል። እነርሱም ሰብሳቢው፥ ከፕሮፌሰሮች መካከል የሚሾመው ሬክተርና ፋይናንስንና አስተዳደርን የሚከታተል ሦስተኛ አባል ናቸው። ቦርዱ በዚህ መልክ ከተደራጀ በኋላ ዩኒቨርሲቲን መምራት ለተወሰነ ጊዜ ከመምህርነት ወጥቶ የሚሠራ አገልግሎት መሆኑ እየቀረ፥ ራሱን የቻለ ሙያ ወደ መሆን አዘነበለ። ሙያ ከሆነ ደግሞ የራሱ ገበያ ይኖረዋል፤ ገበያ ካለውም ዋጋው በገበያ ይለካ የሚል ሐሳብ ይከተላል። የደመወዝ ጥያቄ የተፀነሰው በዚህ ሐሳብ ውስጥ ነው።

2. ከማሳወቅ ወደ መወሰን

በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደሩ ተቋሞች የሚከፈለው ከፍተኛ ደመወዝ መነጋገሪያ በሆነበት ወቅት፥ የኔዘርላንድስ መንግሥት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ የቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሃንስ ዳይክስታል ነበሩ። ኮሚቴው በ2004 ባቀረበው ምክር የሚኒስትሮች ደመወዝ ለመላው የመንግሥት አገልግሎት የላይኛው ወሰን እንዲሆን ሐሳብ ሰጠ። ነገር ግን የሚኒስትሮች ደመወዝ ከጊዜው ወደ ኋላ የቀረ በመሆኑ በ30 በመቶ ከፍ እንዲል አብሮ አሳሰበ። መንግሥትም ሆነ ምክር ቤቱ ለሚኒስትሮች የተባለውን ጭማሪ በሥራ ላይ ለማዋል አልደፈሩም። ሆኖም «130 በመቶ» የሚለው ቁጥር ከኮሚቴው ምክር ተርፎ፥ ከዓመታት በኋላ በሕጉ ውስጥ መለኪያ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ፥ ያልተፈጸመ የደመወዝ ጭማሪ ቅሬት ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ማሳወቅ ነበር። በመጋቢት 2006 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፥ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ማንኛውም ተቋም ከሚኒስትር አማካይ ደመወዝ በላይ የሚከፈለው ሠራተኛ ካለው ይህንኑ በዓመታዊ ሒሳቡ ላይ እንዲገልጽ አስገደደ። ይህ መጠን በጊዜው በነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር በያን ፔተር ባልከንኤንደ ስም «የባልከንኤንደ መለኪያ» ተብሎ በሕዝቡ ዘንድ ታወቀ። ደመወዝን ይፋ ማድረግ ተቋሞችን ያሳፍራል፥ ሐፍረትም ልጓም ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። ይሁን እንጂ ማሳወቅ ብቻውን ሁለት ዓይነት ውጤት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ከፍተኛ ተከፋዩ እንዲታዘብበት ማድረግ ሲሆን፥ ሌላው ዝቅተኛ ተከፋዩ ባልደረባው የሚያገኘውን አይቶ እንዲጠይቅ መቀስቀስ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሳወቅ አይበቃም፥ መወሰንም ያስፈልጋል የሚለው አስተያየት እያየለ መጣ።

በኅዳር 2012 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ያጸደቀው፥ ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የጸናው ሕግ ይህን አስተያየት ፈጸመ። ሕጉ «በመንግሥታዊና ከፊል መንግሥታዊ ዘርፎች የከፍተኛ ደመወዞች መለኪያ ሕግ» ሲሆን፥ በደች ቋንቋ ምኅጻሩ «ቬኤንቴ» ይባላል። በእርሱም መሠረት የክፍያው ጣራ የሚኒስትር ደመወዝ 130 በመቶ ሆነ። ይህም በ2014 በገንዘብ ሲተመን 230,474 ዩሮ ነበር። ነገር ግን ሕጉ ገና ከመጽናቱ በፊት፥ በ2012 መጨረሻ ሥልጣን የያዘው የሁለት ፓርቲዎች ጥምር መንግሥት ጣራውን ወደ ሚኒስትር ደመወዝ 100 በመቶ ለማውረድ ተስማምቶ ነበር። ማሻሻያው ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ሲጸና ጣራው 178,000 ዩሮ ሆነ። በአንድ ሌሊት ከጣራው ላይ 52,474 ዩሮ፥ ማለትም 23 በመቶ ያህል ተቀነሰ።

ጣራው ለዘለቄታው የተተከለ ቁጥር አይደለም። በመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ለውጥ ልክ በየዓመቱ እየተስተካከለ ይወጣል። በዚህም መሠረት በ2020 201,000 ዩሮ፥ በ2024 233,000 ዩሮ፥ በ2025 ደግሞ 246,000 ዩሮ ደርሷል። ከ2015 እስከ 2025 ባሉት ዐሥር ዓመታት የጣራው ዕድገት 38 በመቶ ያህል መሆኑ ነው።

3. «ክፍያ» የሚለው ቃል ትርጉም

የደመወዝ ጣራ የሚያወጣ ሕግ ሁሉ በቅድሚያ የሚያጋጥመው ችግር የደመወዝ ትርጉም ነው። ጣራው በወር ደመወዝ ላይ ብቻ ቢጣል፥ የተከለከለው ገንዘብ በአበል፥ በቤት ኪራይ፥ በመኪና ወይም በጡረታ ስም በጓሮ በር መግባቱ አይቀርም። የኔዘርላንድስ ሕግ ይህን በመገመት ጣራውን በጠቅላላው ክፍያ ላይ አደረገው። በክፍያው ውስጥ ዋናው ደመወዝ፥ የዓመት ዕረፍት አበል፥ የዓመት መጨረሻ ክፍያ፥ ግብር የሚከፈልባቸው የወጪ አበሎችና አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው ገንዘብ በሙሉ ይደመራሉ። ከትርፍ ድርሻና የማበረታቻ ጉርሻ መክፈልም በመርሕ ደረጃ ተከልክሏል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፥ የአንድ የቦርድ ሰብሳቢ የዓመት ዋና ደመወዝ 150,000 ዩሮ ነው እንበል። የዕረፍት አበሉ በ8 በመቶ ሲታሰብ 12,000 ዩሮ፥ የዓመት መጨረሻ ክፍያው በ8.3 በመቶ ሲታሰብ 12,450 ዩሮ ይሆናል። አሠሪው ለጡረታ 20,000 ዩሮ የሚያዋጣ ከሆነ ድምሩ 194,450 ዩሮ ይደርሳል። ዋናው ደመወዝ በ2015 ከነበረው ጣራ በብዙ ዝቅ ያለ መስሎ ሲታይ፥ ጠቅላላው ክፍያ ግን ጣራውን በ16,450 ዩሮ አልፎ ይገኛል። ሁለት ተቋሞችን ወይም ሁለት አገሮችን ለማነጻጸር የሚፈልግ አጥኚ ይህን ልዩነት ካልተጠነቀቀ በቀላሉ ይሳሳታል።

ሕጉ መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም አጥሯል። ከሥራው ለሚሰናበት መሪ የሚሰጠው የስንብት ክፍያ፥ በቀጥታ በሕግ ከተደነገገ ክፍያ በቀር፥ ከአንድ ዓመት ደመወዝ ወይም ከ75,000 ዩሮ መብለጥ አይችልም፤ ከሁለቱም የሚያንሰው ይወሰዳል። ይህ ድንጋጌ ያስፈለገው፥ በሥራው ያልተሳካለት ሰው በስንብት ገንዘብ ተክሶ የሚሄድበት አሠራር ሕዝቡን ከከፍተኛ ደመወዝ ይበልጥ ያስቆጣ ስለ ነበር ነው።

4. ጣራው በማን ላይ ነው?

በስሙ ሲታይ ሕጉ በሁሉም ላይ የጸና ይመስላል። በእርግጥ ግን ጣራው የሚመለከተው «የበላይ ኃላፊዎች» የተባሉትን ብቻ ነው። እነዚህም መላውን ተቋም የሚመሩት የሥራ አስፈጻሚ ቦርድ አባላትና የሚቆጣጠሯቸው የተቆጣጣሪ ቦርድ አባላት ናቸው። የተቆጣጣሪ ቦርድ ሰብሳቢ ከአጠቃላዩ ጣራ ከ15 በመቶ፥ አባላቱ ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይከፈላቸው ከ2015 ጀምሮ ተወስኗል። የበላይ ኃላፊዎች ስም፥ የሥራ ድርሻና የተከፈላቸው ገንዘብ በዓመታዊው ሒሳብ ላይ በግልጽ ይታተማል።

የቦርድ አባል ያልሆነ ፕሮፌሰር፥ የፋኩልቲ መምህር ወይም በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ከጣራው በላይ ቢከፈለው ሕግ እንደ ተጣሰ አይቈጠርም። ተቋሙ የሚጠበቅበት ስሙን ሳይጠቅስ፥ የሥራ ድርሻውንና የክፍያውን መጠን ማሳወቅ ነው። በዚህም የተነሣ አንድ ሬክተር እርሱ ከሚመራው ሐኪም ያነሰ ደመወዝ የሚያገኝበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል።

ይህን ልዩነት ለማስወገድ ጣራው በሁሉም ሠራተኞች ላይ እንዲጸና የሚያደርግ ሦስተኛ ማሻሻያ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በ2017 የተመሠረተው ተከታዩ መንግሥት ሐሳቡን አልገፋበትም። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ መሪው የራሱን ደመወዝ ለመወሰን በሚያስችል ወንበር አጠገብ ስለ ተቀመጠ ልዩ ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ተራው ባለሙያ ግን ደመወዙ በኅብረት ስምምነት ወይም በአለቃው የሚወሰን በመሆኑ ተመሳሳይ አደጋ የለበትም። በሌላ በኩል ደግሞ፥ ገንዘቡ የሕዝብ መሆኑ ለሕጉ መነሻ ከሆነ የተከፋዩ ወንበር ለውጥ ሊያመጣ አይገባም የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከአንድ መሠረት ተነሥተው አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሕጉን ሥልጣን በአግባብ እንዳይጠቀሙበት የሚከለክል ልጓም አድርገው ያዩታል፤ ሁለተኞቹ ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ ድርሻ የሚለካበት ቁና አድርገው ይቈጥሩታል።

5. አንድ ጣራ ለሁሉም አይበቃም

ብዙ ሺህ ተማሪዎች ያሉትን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሰውና አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ቢቀመጡ፥ ጣራው ለአንደኛው ጠባብ፥ ለሁለተኛው ደግሞ የተንጣለለ ይሆናል። ከዚህም የከፋው፥ የላይኛው ወሰን እየተለመደ ሲሄድ ሁሉም ሊደርስበት የሚገባው መደበኛ ክፍያ መምሰሉ ነው። ጣራ ሆኖ የተሠራው ነገር ወለል ሆኖ ያርፋል።

ይህን ለመከላከል የትምህርት ሚኒስቴሩ ከ2016 ጀምሮ የትምህርት ተቋሞችን በሰባት መደቦች ከፍሎ ለእያንዳንዱ መደብ የራሱን ጣራ አወጣ። የመደቡ መለኪያዎች ሦስት ናቸው። እነርሱም፦

ሀ. የተቋሙ አማካይ ጠቅላላ ገቢ፤
ለ. መንግሥት ወጪያቸውን የሚሸፍንላቸው ተማሪዎች አማካይ ቁጥር፤
ሐ. ተቋሙ የሚሰጣቸው የትምህርት ዓይነቶች ወይም ዘርፎች ብዛት ናቸው።

ለእያንዳንዱ መለኪያ ነጥብ ይሰጥና ድምሩ ተቋሙ የሚመደብበትን ደረጃ ይወስናል። ከፍተኛው መደብ ከአጠቃላዩ የሕግ ጣራ ጋር እኩል ሲሆን፥ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያርፉት በዚህ መደብ ነው። ዘዴው ለቁጥጥር የሚያመች ቢሆንም የራሱ ጉድለት አለው። መለኪያዎቹ ስፋትን እንጂ የሥራውን ጥራት አይለኩም። የተማሪዎቹን ቁጥር ያበዛ መሪ ወደ ከፍተኛ መደብ ሊሻገር ሲችል፥ ትምህርቱን ያሻሻለ መሪ ግን በነጥቡ ላይ የሚጨመርለት ነገር የለም።

6. የመሸጋገሪያ ጊዜና አፈጻጸም

ሕጉ ሲወጣ ከጣራው በላይ እንዲከፈላቸው ሕጋዊ ውል የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ውላቸውን በአንድ ቀን መሠረዝ በአውሮጳ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት የተጠበቀውን የንብረት መብት ይነካል የሚል ክርክር ሊያስነሣ ይችል ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ አስገባ። በዚህም መሠረት የቀድሞው ክፍያ ለአራት ዓመታት ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በሦስት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ ወደ ጣራው ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የሕጉ ሙሉ ውጤት የታየው ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሕግ በወጣ ማግሥት ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ይህን መገንዘብ ይኖርበታል።

አፈጻጸሙን በተመለከተ፥ የመጀመሪያው ዘብ የተቋሙ የሒሳብ መርማሪ ነው። መርማሪው ዓመታዊውን ሒሳብ ሲያጸድቅ የደመወዙን ሕግ መከበር አብሮ ይመረምራል። በትምህርት ዘርፍ የበላይ ቁጥጥሩን የሚያካሂደው የትምህርት ኢንስፔክቶሬት ነው። ከጣራው በላይ የተከፈለ ገንዘብ «ያለ አግባብ የተከፈለ» ተብሎ ስለሚቈጠር ተቀባዩ መመለስ አለበት። ገንዘቡ ካልተመለሰ ሚኒስትሩ በተወሰነ ቀን እንዲመለስ ማዘዝና ትእዛዙ ባልተፈጸመ ቍጥር የሚቈጠር መቀጫ መጣል ይችላል። በመጨረሻም ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ለመንግሥት ሊተላለፍ ይችላል። አንድን ሰው ለይቶ ከጣራው በላይ እንዲከፈለው የሚፈቅድ ልዩ ድንጋጌ ቢኖርም፥ የሚመለከተውን ሚኒስትርና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን ስምምነት የሚጠይቅ በመሆኑ በሩ እጅግ ጠባብ ነው።

7. የድጋፍና የተቃውሞ ሐሳቦች

ሕጉን የሚቃወሙት የመጀመሪያው ሐሳብ የውድድር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከሌሎች አገሮች ዩኒቨርሲቲዎችና ከግል ኩባንያዎች ጋር ተወዳድረው ብቁ መሪ ማግኘት አለባቸው፤ ጣራው ዝቅ ሲል ብቁ ሰዎች ይሸሻሉ ይላሉ። ለዚህ የሚሰጠው መልስ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች ዋና ምንጭ ራሱ የትምህርቱ ዓለም ነው የሚል ነው። ሬክተሩ ፕሮፌሰር ነው፤ ከፕሮፌሰር ደመወዝ ተነሥቶ ወደ ሚኒስትር ደመወዝ የሚወጣ ሰው ተጎዳ ማለት አይቻልም። ደግሞም አገርን የሚያህል ነገር የሚመራ ሚኒስትር በዚያው ደመወዝ ከተገኘ፥ ዩኒቨርሲቲን የሚመራ ሰው አይገኝም ማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመለኪያው ነው። የሚኒስትር ደመወዝ የፖለቲካ ውሳኔ እንጂ የሥራ ምዘና ውጤት አይደለም። ሚኒስትሮች የራሳቸውን ደመወዝ ከፍ ማድረግ ሕዝቡ እንዳይቀየማቸው ስለሚፈሩ ዝቅ አድርገው ይይዙታል፤ ያ ፍርሃት መላውን የመንግሥት አገልግሎት ይዞ ይወርዳል ይላሉ። የ2004ቱ ኮሚቴ የሚኒስትሮች ደመወዝ ይጨመር ማለቱ፥ ይህ ተቃውሞ ከመሠረቱ ባዶ አለመሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ሕጉ ምን ያህል ገንዘብ ያድናል የሚለው ነው። ነገሩን በሒሳብ መመልከት ይጠቅማል። በዐሥራ አራቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ሦስት የቦርድ አባላት ቢኖሩና ሁሉም በ2014ቱ ጣራ ልክ ይከፈላቸው ነበር ቢባል፥ ወደ 2015ቱ ጣራ ሲወርዱ ለእያንዳንዱ የሚቀነሰው 52,474 ዩሮ ነው። የአርባ ሁለቱ ሰዎች ቅናሽ ሲደመር 2,203,908 ዩሮ ይሆናል። ይህ ሊገኝ የሚችለው የመጨረሻው ከፍተኛ ግምት ሲሆን፥ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን በዓመት ብዙ መቶ ሚሊዮን ዩሮ የሚያንቀሳቅስ በመሆኑ ከበጀቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ገንዘብ የመማሪያ ክፍል መጨናነቅ አይቃለልም፤ የረዳት መምህራንም የኑሮ ችግር አይፈታም።

እንግዲህ የሕጉ ጥቅም በገንዘብ ቁጠባ የሚለካ ከሆነ ሕጉ ዋጋ የለውም ማለት ነው። የሚደግፉት ሰዎች ግን መለኪያው ሌላ ነው ይላሉ። የዩኒቨርሲቲ መሪ በየጊዜው ወጪ እንዲቀነስ፥ የትምህርት ክፍሎች እንዲታጠፉ፥ የመምህራን ቅጥር በጊዜያዊ ውል እንዲሆን የሚወስን ሰው ነው። ይህን የሚወስን ሰው የራሱ ደመወዝ ወሰን ከሌለው ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ ተሰሚነት ያጣል። በ2015 መጀመሪያ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፥ በ1969 የተያዘውን ያንኑ የአስተዳደር ሕንፃ ዳግመኛ ይዘው የአመራሩን አካሄድ ሲቃወሙ፥ የጠየቁት በዋናነት የዴሞክራሲያዊ አስተዳደርና የገንዘብ አያያዝ ግልጽነት ነበር። ይህ ሁኔታ የሚያመለክተው በመሪውና በሚመራው ማኅበረሰብ መካከል ያለው መተማመን በደመወዝ ጣራ ብቻ የማይገነባ መሆኑን ነው። ሆኖም ያለ ወሰን የሚከፈል ደመወዝ መተማመኑን ሊያፈርስ እንደሚችል የሚክድ የለም።

8. ሌላው መንገድ፦ ማሳወቅ ብቻ

ሁሉም አገሮች የኔዘርላንድስን መንገድ አልተከተሉም። በእንግሊዝ አገር የዩኒቨርሲቲ መሪዎች ደመወዝ በ2017 ከፍተኛ የፖለቲካ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ጣራ አልተጣለም። በምትኩ በ2018 ሥራውን የጀመረው የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ ዩኒቨርሲቲዎች የመሪያቸውን ጠቅላላ ክፍያ፥ ክፍያው ከሠራተኞቹ መካከለኛ ደመወዝ ጋር ያለውን ንጽጽርና ለክፍያው የሚሰጡትን ምክንያት እንዲያሳውቁ አዘዘ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቦርድ ሰብሳቢዎች ኮሚቴ ስለ ደመወዝ አወሳሰን የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። ከደንቡ መሠረታዊ ሐሳቦች አንዱ መሪው የራሱ ደመወዝ በሚወሰንበት ኮሚቴ ውስጥ አባል መሆን የለበትም የሚል ነው።

በካናዳ የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር ከ1996 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ በሚደገፉ ተቋሞች 100,000 የካናዳ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚከፈላቸው ሰዎች ስም በየዓመቱ እንዲታተም በሕግ ተደንግጓል። መጠኑ ከዋጋ ንረት ጋር ያልተስተካከለ በመሆኑ በመጀመሪያ ጥቂት ከፍተኛ ኃላፊዎችን ያሳይ የነበረው ዝርዝር፥ እየዋለ እያደረ ብዙ ተራ መምህራንንም የሚያካትት ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የኔዘርላንድስ ጣራ በየዓመቱ ስለሚስተካከል ትርጉሙን ሲጠብቅ፥ የማይስተካከል ቁጥር ግን በሕጉ ላይ እንዳለ ሆኖ ዓላማውን ይስታል።

መደምደሚያ

የኔዘርላንድስ ተሞክሮ የሚያሳየው፥ ለከፍተኛ ደመወዝ ወሰን ማበጀት የሚቻል ነገር መሆኑን፥ ነገር ግን አንድ ቁጥር በመጻፍ ብቻ የሚያበቃ አለመሆኑን ነው። ሕጉ ሊሠራ የቻለው ክፍያ የሚለውን ቃል አስፍቶ ስለ ተረጎመ፥ መውጫውን እንደ መግቢያው ስለ ጠበቀ፥ ጣራውን በየዓመቱ ስላስተካከለ፥ ለቀድሞ ውሎች ጊዜ ስለ ሰጠና የሒሳብ መርማሪውን የሕጉ ዘብ ስላደረገ ነው። ያልፈታቸው ጥያቄዎችም አሉ። ጣራው ከቦርዱ ወንበር አልፎ ወደ ባለሙያው መድረስ አለመድረሱና የሚኒስትር ደመወዝ ትክክለኛ መለኪያ መሆን አለመሆኑ እስካሁን የሚያከራክሩ ናቸው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ፥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ሰርቪስ ደረጃ ከመተዳደር ወጥቶ በራሱ ቦርድ መተዳደር ሲጀምር፥ ብቁ መምህራንን በተሻለ ደመወዝ የመያዝ ዕድል ያገኛል። የመሪዎቹን ክፍያ ማን፥ በምን መለኪያና በማን ፊት ይወስናል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል። በኔዘርላንድስ ራስን የማስተዳደሩ ሥልጣን በ1997 ተሰጥቶ የደመወዙ ወሰን የተከተለው በ2013 ነበር። በመካከሉ ያለፉት ዐሥራ ስድስት ዓመታት ጥያቄው በክርክርና በቅሬታ የተጓዘባቸው ነበሩ። ሥልጣኑና የሒሳብ ተጠያቂነቱ በአንድ ጊዜ ቢታሰቡ ኖሮ፥ ውል ከተፈረመ በኋላ ክፍያ ለመቀነስ የተደረገው አድካሚ ሥራ ባላስፈለገ ነበር።